ለሐኪም ንጹሕ ሆኖ መቅረብ፤ የሜልቦርን ክረምቴ

ከሜልቦርን ከተመለስሁ ወዲህ የሰፈራችን ሰው የሚጠይቀኝ ስለ ካንጋሮ ነው። ካንጋሮ አላየሁም። ባሕሩንም ያየሁት አንድ ቀን በመኪና መስኮት ነው። ያየሁት የእኅቴን ባል ሲያስል፣ አንዲት ደግ ሴት ላድነው ብለው ሊጎዱት ሲቃረቡ፣ ከዚያም አንድ ትል በሳህን ላይ የሄደበትን መንገድ ነው። ካንጋሮ የፈለገ አንባቢ እዚህ ላይ ቢተወኝ አልቀየምም።

ማክሰኞ፣ ከኮምቦልቻ

እናቴ ለጉዞው ከእኔ ቀድማ ተዘጋጅታለች። ቋንጣው ደርቋል፣ በርበሬው ተፈጭቷል፣ ሽሮው በፌስታል ላይ ፌስታል ታስሯል። ታላቅ እኅቴ ሰናይት ብዙ ነገር አላዘዘችም። ያዘዙት እትዬ አስካለ ናቸው።

እትዬ አስካለን ያን ጊዜ የማውቃቸው በስልክ ድምፃቸው ብቻ ነበር። ሰናይት ሜልቦርን ስትገባ ማንንም አታውቅም። እሳቸው ናቸው ቤተ ክርስቲያን አግኝተው እንደ ልጅ የያዟት፤ በሠርጓም ላይ በእናታችን ቦታ የቆሙት እሳቸው ናቸው። ለመሄድ ሁለት ቀን ሲቀረኝ ደወሉ።

"ልጄ፣ የወስፋት መድኃኒት አምጪልኝ። ያቺን የምትታኘከውን።"

"እዚያ የለም እንዴ፣ እትዬ?"

"አለ እንጂ! ግን እዚህ አገር ለአንዲት ክኒን ቀጠሮ ነው፣ ለቀጠሮው ደግሞ ሌላ ቀጠሮ።"

ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ካለው ፋርማሲ ገዛሁ። ባለ ፋርማሲው ለማን እንደሆነ አልጠየቀኝም። እኛ ጋ ማን ይጠይቃል? ሆዱን የጎረበጠው ሁሉ ገዝቶ ይውጣል። በከተማችን የሰገራ ምርመራ ውጤት ወይ አሜባ ነው ወይ ጃርዲያ፤ ሁለቱም ካልሆነ ታይፎይድ። ስለዚህ ብዙ ሰው ምርመራውን ይዘልልና ክኒኑን ይገዛል።

አውቶቡሱ ከሚሴን፣ ሸዋ ሮቢትን አለፈ። ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ገዛሁ። ጣርማ በር ስንደርስ ጉሙ መስኮቱን ዘጋውና ከፊቴ የተቀመጠው ሰውዬ፣ "አሁን ሾፌሩ በጸሎት ነው የሚነዳው" አለ። ማንም አልሳቀም።

ረቡዕ፣ በአየር ላይ

አንድ የአረብ አገር አየር ማረፊያ ውስጥ ቦርሳዬን ተንተርሼ ሰዓታት አሳለፍሁ። ከዚያ ያለው በረራ ማለቂያ የለውም። ሦስት ጊዜ ቁርስ የመሰለ ነገር ሰጡኝ። ጠዋት ይሁን ማታ ስላላወቅሁ ሦስቱንም በላሁ። በሰኔ መጨረሻ ከኮምቦልቻ ዝናብ ወጥቼ ወደ ሜልቦርን ብርድ መሄዴ ስለገረመኝ፣ በናፕኪን ላይ ይህን ጻፍሁ፤

ክረምት ተሳፍሬ ክረምት ላይ ወረድሁ፤
ደመናው እዚያም ነው፣ እኔ ነኝ የሄድሁ።

አስተናጋጇ ናፕኪኑን ከቆሻሻው ጋር ሰበሰበችው። በቃሌ ስለያዝሁት ነው የተረፈው።

ሐሙስ፣ ቋንጣው ቀረ፣ ክኒኑ አለፈ

ሰናይት፣ "ምግብ ይዘሻል ወይ ሲሉሽ ሁሉንም ተናገሪ። እዚህ አገር ያመጣ አይቀጣም፣ የደበቀ ነው የሚቀጣው" ብላኝ ነበር። ሁሉንም ተናገርሁ። የሜልቦርን አየር ማረፊያው ፈታሽ ጢማም፣ ትሑት ሰው ነው። በርበሬውን ከፍቶ አሸተተና ደጋግሞ አስነጠሰው። ይቅርታ የጠየቅሁት እኔ፣ የሳቀው እሱ። ቋንጣውን ግን በጓንት አነሣው።

"እናትሽ ናት የሠራችው?"

"አዎ።"

"በጣም አዝናለሁ" አለና ቢጫ ማስቀመጫ ውስጥ ጨመረው። እናቴ ያንን ሥጋ ስትዘለዝል ጣቷን ቆርጣ ነበር። ዓይኔ እንባ ሞላ። በመታጠቢያ ዕቃዬ መሃል ስለነበሩት ክኒኖች ግን ማንም አልጠየቀኝም።

የሰናይት ባል ኤርኔስቶ ከሴት ልጃቸው ከሊድያ ጋር በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። የቦሊቪያ ሰው ነው። ሰናይትን ያገኛት ከተማ መሃል በሚገኝ መሥሪያ ቤት ሁለቱም ጽዳት ሲሠሩ ነው። አማርኛውን የተማረው እሷ ከእኔ ጋር በስልክ ስታወራ እያዳመጠ ስለሆነ ለሁሉም ሰው "አንቺ" ይላል። ፓስተራቸውን፣ "ፓስተር፣ ደህና ነሽ?" ሲል ጉባኤው አሁን ለምዶታል አሉ።

"ትዕግሥት! እንኳን ደህና መጣሽ!" አለኝ፤ ይህኛው ልክ ነው። ሻንጣዬን ቀማኝ። እስከ መኪናው ሲሄድ ሁለት ጊዜ ቆሞ አሳለ። ቅጽበታዊ ሳል አይደለም፤ ከሥር ተነሥቶ ትከሻውን የሚያንቀጠቅጥ ነው። ልቀበለው ስል አሻፈረኝ አለ። እንግዳ ዕቃ ተሸክሞ ቢገባ በእነሱም አገር ነውር ነው።

ቤታቸው ሰንሻይን ዌስት ነው፤ ከፋብሪካ መጋዘኖች ጀርባ፣ ከእንጨት የተሠራ፣ ፊት ለፊቱ የሎሚ ዛፍ ያለው። ሎሚው የጎረቤታቸው የቬትናም ሴትዮ ነው፤ ቅርንጫፉ ግን አጥር አያውቅም። ቤቱ ውስጥ ከውጭ ይበርዳል። እኛ ጋ ብርድ ከሰማይ ይወርዳል፤ እዚህ ከወለል ይወጣል። ሰናይት በኤሌክትሪክ የሚሞቅ አንሶላ አነጠፈችልኝ። እንደ ዳቦ ተጋግሬ አደርሁ።

ዓርብ፣ የጭቃ ግድግዳ

ሰናይት ሥራ፣ ሊድያ ትምህርት ቤት ናቸው። ኤርኔስቶ ከታመመ ወዲህ ቤት ይውላል። ወጥ ቤት ተቀምጠን ድንች ስንልጥ፣ "ሰናይት ነግራሻለች?" አለኝ።

የነገረችኝ ልቡን እንደሚያመው ብቻ ነበር። እሱ ከሥሩ ጀመረልኝ። ያደገበት ቤት ግድግዳው ጭቃ፣ ጣሪያው ሣር ነው። በግድግዳው ስንጥቅ ውስጥ ከትኋን የምትበልጥ ነፍሳት ትኖራለች፤ ቪንቹካ ይሏታል። ማታ ትወጣና የተኛውን ሰው ፊቱ ላይ ትነክሳለች። ደም ጠጥታ ስትጠግብ እዚያው ትጸዳዳለች። ሰውየው በእንቅልፍ ልቡ ሲያክክ በዓይን የማይታይ ተሕዋሲ ከኩሷ ጋር በቁስሉ ይገባል። ብዙ ዓመት ዝም ይላል። ከዚያ ልብን ይበላል። የቻጋስ በሽታ ይሉታል።

እኔም የተወለድሁት በጭቃ ግድግዳ ነው። ከትኋን ጋር አድገናል፤ የእኛዋ ግን ደም ጠጥታ ትሄዳለች እንጂ አደራ አታስቀምጥም።

"እኔ ከባድ የቫኪዩም ማሽን ጀርባዬ ላይ አዝዬ ወለል ስጠርግ ወደቅሁ" አለ። ያን ጊዜ ነው የተገኘበት። ደረቱ ላይ ከቆዳው ሥር የልብ ምት ማስተካከያ ተቀብሮለታል፤ በሸሚዙ ላይ እንደ ክብሪት ቀፎ ይታያል።

የዘንድሮው ክረምት ግን ሌላ ነገር አመጣ። ሳል፣ የሆድ ቁርጠት፣ መጥቶ የሚሄድ ማሳከክ፣ መክሳት። ሁሉም ሰው፣ "ያው ልቡ ነው" አለ። ቻጋስ ያለበት ሰው ቢያስልም ቻጋስ ነው፣ ሆዱን ቢቆርጠውም ቻጋስ ነው። አንዲት አዲስ ሐኪም ናት ደሙን አይታ፣ "ይህን ቻጋስ ብቻውን አያደርገውም" ያለችው። በደሙ ውስጥ ሰውነት ትልን ሲዋጋ የሚበዙ ሴሎች በዝተዋል። ለሳሉ ስቴሮይድ የሚባል መድኃኒት ልትሰጠው አስባለች፤ ስቴሮይድ ግን የሰውነትን ዘበኛ ያስተኛል። ሆዱ ውስጥ ሌላ የተደበቀ ትል ካለ፣ ዘበኛው ሲተኛ ያለ ልክ ተራብቶ ሳንባውንም ደሙንም ሊወርር ይችላል። ከዚያ የሚተርፈው ጥቂት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ይመርመር ተባለ። ከሰኞ ጀምሮ በሦስት የተለያዩ ቀናት ሰገራ የሚሰጥባቸው ብልቃጦች መታጠቢያ ቤቱ መስኮት ላይ ተደርድረዋል።

"ሁለት እንግዳ አንድ ቤት" አለ ኤርኔስቶ ደረቱንና ሆዱን በቢላዋው እያመለከተ። "አንደኛዋ ጮኸች፣ ሁለተኛዋ ተደበቀች።"

የኦቾሎኒ ሾርባ ሠራልኝ፤ የእናቱ ነው። ኦቾሎኒ እኛ ጋ ተቆልቶ በወረቀት ጥቅልል ይሸጣል እንጂ በሾርባ አይበላም። ሁለት ሳህን ጠጣሁ።

እሑድ፣ የእትዬ አስካለ ቤት

ቤተ ክርስቲያናቸው የትምህርት ቤት አዳራሽ ተከራይቶ የሚሰበሰብ ነው። ከመድረኩ ጀርባ የልጆች ሥዕል ተሰቅሏል። እኔ ያደግሁት በሌላ ሥርዓት ስለሆነ ጭብጨባው መጀመሪያ አስደነገጠኝ። ፓስተሩ ኤርኔስቶን ወደ ፊት ጠርቶ እጁን ጭኖ ጸለየለት። ሲጨርስ፣ "ምርመራውንም እንዳትቀር" አለው። ወደድሁት።

ለምሳ እትዬ አስካለ ቤት ሄድን። ኖርዝ ሜልቦርን ከከተማው መሃል በእግር በሚደረስበት፣ የመንግሥት ኪራይ ፎቅ ላይ ነው የሚኖሩት። አሳንሰሩ ውስጥ የአምስት አገር ወጥ ይሸታል። እትዬ አስካለ ከድምፃቸው ያጠሩ ሴት ናቸው። እንደ ገባሁ አገላብጠው ሳሙኝ፣ ከዚያ እጃቸውን ዘረጉ።

"የታለ አደራዬ?"

ክኒኑን ሰጠኋቸው። ሳጥኑን ወደ መስኮቱ ይዘው ቀኑ ያላለፈበት መሆኑን አዩ። ደስ አላቸው።

ምሳው ሲጋመስ ሰናይት ሊድያን ወደ መታጠቢያ ቤት ወሰደቻት። እትዬ አስካለ አንድ ጉርሻ ጠቅልለው ለኤርኔስቶ አጎረሱት። ከዚያ ክኒን አወጡ።

"እንካ፣ ይችንም አኝካት።"

"እማዬ፣ ነገ ምርመራ አለኝ..."

"እኮ! ነገ ምርመራ ስላለህ ነዋ!" አሉ። "ለሐኪም ንጹሕ ሆኖ ነው የሚቀርቡት። እግርህን ሳትታጠብ ትሄዳለህ? ጥርስህን ሳትፍቅ ትሄዳለህ? ሆድህንስ? ደግሞ ሰገራህን በማጉያ መነጽር ሊያዩት! 'ከሐበሻ ቤት ትል ተገኘ' ብለው ይሳቁብን?"

"እኔ ሐበሻ አይደለሁም፣ እማዬ" አለ እየሳቀ።

"እኔ ያጎረስሁህ ሁሉ ሐበሻ ነህ።"

አኘከው። አንዲት ጉርሻ ታጣላለች ይባላል፤ ስለዚህ ሁለተኛ ክኒን ሰጡት። የቀሩትን ለሚቀጥሉት ቀናት በወረቀት ጠቅልለው ኪሱ ከተቱ። እኔ እያየሁ ነበር። ትክክልም መሰለኝ። እኛ ቤት እንግዳ ሲመጣ ቤቱ ይጸዳል እንጂ ቆሻሻው ለእንግዳው ተቆጥሮ ይቆያል እንዴ?

ከሰኞ እስከ ረቡዕ፣ ብልቃጦቹ

በየጠዋቱ አንድ ብልቃጥ ሞላ። ኤርኔስቶም በየጠዋቱ ክኒኑን አኘከ። ሰናይት ብልቃጡን በሦስት ፌስታል ጠቅልላ ወደ ሥራ ስትሄድ ታደርሳለች። "ባቡር ላይ ቦርሳዬን አንድ ሰው ቢሰርቀኝ ደስታዬ ነው" ትላለች። የክኒኑን ነገር አታውቅም። ኤርኔስቶ፣ "ሴቶች በእማዬና በእኔ መካከል አይግቡ" ይላል። እኔም ሴት መሆኔን ረስቶት ነው።

ማክሰኞ ብቻዬን ወደ ከተማ ወጣሁና በትራሙ፣ በዚያ በጎዳና ላይ ባቡር፣ በተቃራኒ አቅጣጫ ተሳፈርሁ። የመጨረሻው ማቆሚያ ላይ ሾፌሩ ወርዶ፣ "ወዴት ነው?" ቢለኝ የምወርድበትን ጎዳና ስም ረስቼዋለሁ። ያስታወስሁት እዚያ አንድ ሱቅ ላይ ያለውን የዶሮ ሥዕል ብቻ ነው። ሾፌሩ አሰበና፣ "የዶሮ ሥዕል!" ብሎ ከሌላኛው ሾፌር ጋር ተማከረ። ሁለቱ ተከራክረው አንዱ እስከ ዶሮዬ ድረስ አደረሰኝ። ኮምቦልቻ ባጃጅ ነጂ በዚህ ቢጠየቅ ሂሳቡን እጥፍ ያደርግ ነበር እንጂ ግድ አይሰጠውም፣ ብዬ ልጽፍ ነበር። ውሸት ነው፤ እሱም ያደርሰኝ ነበር፣ እየተሳደበ።

በሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ፣ ባዶው ሳህን

ሰናይት ፈረቃ ስለነበረባት ወደ ሆስፒታል ከኤርኔስቶ ጋር የሄድሁት እኔ ነኝ። ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ወላጆቿ ከስሪላንካ የመጡ። ለእሱ ብላ ዝግ አድርጋ ስለምትናገር እንግሊዝኛዬ ደረሰባት።

"መልካም ዜና አለኝ" አለች። "በማጉያ መነጽር ምንም አልታየም። ሰገራውን አስቀምጠን ትል ወጥቶ እንደሚሄድ የምናይበት የላቦራቶሪ ሳህን አለን፤ እሱም ባዶ ነው። ትልን የሚፈልገው የደም ምርመራ ገና አልመጣም፤ ሌላ ቦታ ነው የሚሠራው። ትንፋሽህ ግን እየባሰ ነው።" ቆም አለች። "ከምርመራው በፊት የወሰድከው መድኃኒት ነበር? የትል ክኒን? ማንኛውም?"

ኤርኔስቶ ጫማውን አየ።

"የለም" አለ።

እኔ እሱን አየሁት። እሱ አላየኝም። ሐኪሟ ስቴሮይዱን ጻፈችለት፤ ከነገ ጠዋት ጀምሮ ይወስዳል። ከሆስፒታሉ ፋርማሲ ገዝተን በወረቀት ከረጢት ኪሱ ከተተው። የወጣነው እሱ እያፏጨ ነው።

ትራም ላይ ጠየቅሁት።

"ለምን ዋሸሃት?"

"የት ዋሸሁ? ትሉ ቢኖር ሞቷል። ሳህኑ ባዶ ነው ብላሻለች። እማዬን ደግሞ ማን ሰጠሽ፣ ከየት አመጣሽ ይሏታል። ፖሊስ ይመጣል። አንቺንም ይጠይቁሻል፤ በቪዛ ነው ያለሽው።" ሳል አቋረጠው። "እሷ እዚህ አገር ማንም በሌለኝ ጊዜ እናት የሆነችኝ ናት።"

እኔ ስለ ሕክምና የማውቀው የለም። የማውቀው የኮምቦልቻን ሆድ ነው። ክኒኑን የዋጠ ሰው ለጥቂት ሳምንት፣ "ዳንሁ" ይላል፤ ከዚያ ደግሞ ፋርማሲው በር ላይ ታገኘዋለህ። ያንን እያሰብሁ ከረጢቱን በኪሱ ውስጥ አየሁት።

"ክኒኑ ካልገደለውስ?" አልሁት። "ተደብቆ ቢሆንስ?"

ትራሙ ኖርዝ ሜልቦርን ሲደርስ ደወሉን ተጫንሁና ወረድሁ። ተከተለኝ።

እትዬ አስካለ ሽንኩርት እየከተፉ ነበር። ሁሉንም ነገርኋቸው፦ ሐኪሟ ምን እንደጠየቀች፣ እሱ ምን እንደመለሰ፣ ከነገ ጠዋት የሚወስደው መድኃኒት የሰውነትን ዘበኛ እንደሚያስተኛ። ቢላዋቸውን አስቀመጡ።

"እኔ የሰጠሁት ነው የደበቀው?"

"አላውቅም፣ እትዬ። ሐኪሟ ነች የምታውቀው።"

"ፖሊስ ይመጣል?"

"እሱንም አላውቅም።"

ወደ ኤርኔስቶ ዞሩ። "አንተ እኔን ልታድን ብለህ ነው ልትሞት የተነሣኸው? ቂል!" እንባቸው መጣ፤ ሽንኩርቱም ረድቷቸዋል። "እኔ ልጅ ቀብሬ አውቃለሁ። ሁለተኛ አልቀብርም።"

ልጅ እንደነበራቸው ያን ጊዜ ሰማሁ። እጃቸውን ታጠቡ፣ ነጠላቸውን ከካፖርታቸው በላይ ደረቡ፣ ባዶውን የክኒን ሳጥን ከጠረጴዛው መሳቢያ አውጥተው ቦርሳቸው ከተቱ። ከበር ላይ ተመልሰው ጥርሳቸውን ፋቁ። አልገረመኝም።

ሆስፒታሉ ስንመለስ ያለ ቀጠሮ መጥታችኋል ተባልን። እትዬ አስካለ የእንግዳ መቀበያው ፊት ቆመው በአማርኛ፣ "ልጄ ነው!" አሉ። ትርጉም አላስፈለገም። ሐኪሟ ራሷ ወጥታ ወደ ክፍሏ አስገባችን።

"ጥፋቱ የኔ ነው በያት" አሉኝ። "ልጁን አትቆጣው። ንጹሕ ሆኖ እንዲቀርብ ብዬ ነው። ይህን ነው የሰጠሁት።" ሳጥኑን በሁለት እጃቸው አቀረቡ። "ያመጣችውም በእኔ ትእዛዝ ነው፤ እሷንም አይንኳት።"

የቻልሁትን ያህል ተረጎምሁ። ሐኪሟ ሳጥኑን አገላብጣ አነበበች። ፊቷ ተለወጠ፤ የቁጣ ግን አልነበረም። መጀመሪያ ወደ ኤርኔስቶ ዞራ፣ "ከረጢቱን" አለችው። ሰጣት። መሳቢያዋ ውስጥ ቆለፈችበት። ከዚያ ለእትዬ አስካለ ወንበሯን ለቀቀችላቸው።

"እናቴ የጥርስ ሐኪም ዘንድ ስትሄድ ጥርሷን ሦስት ጊዜ ትፍቃለች" አለች። "ሐኪሙ ቆሻሻ የት እንዳለ ማየት ይፈልጋል ብላት አትሰማኝም።"

እትዬ አስካለ ትርጉሙን ሲሰሙ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ።

ከዚያ አስረዳችን። እኔ የፈራሁትን ያህል ነው። ይህ ክኒን ለሌሎች ትሎች ጎበዝ ነው። እሷ የምትጠረጥረው ትል ግን እንደ ፀጉር የቀጠነ ነው፤ ክኒኑ ለጊዜው ጸጥ ሊያሰኘው ይችላል፣ መጨረስ ግን ብዙ ጊዜ አይችልም። ሳህኑ ባዶ የሆነው ቤቱ ባዶ ስለሆነ ላይሆን ይችላል። ስቴሮይዱ ይቆያል። ለትንፋሹ በአፍ የሚሳብ መድኃኒት ሰጠችው። ትሉ ዳግመኛ እንዲወጣ ጥቂት ሳምንት ይጠበቃል፤ ከዚያ ምርመራው እንደ አዲስ።

"እስከዚያ ድረስ" አለች እትዬ አስካለን እያየች፣ "ምግብ ብቻ።"

የመጠበቂያው ሳምንታት

ስለነዚህ ቀናት የምጽፈው ጥቂት ነው። ሰናይት ሁሉንም ስትሰማ ለሁለት ቀን አላናገረችንም፤ ሦስተኛው ቀን ላይ፣ "ትዕግሥት የሚለውን ስም ላንቺ ያወጣው ማን ነው?" አለችኝ። "ከትራሙ ዘለሽ ወርደሽ እኮ ነው!" መታረቋ ነበር። የቬትናሟ ጎረቤት የኤርኔስቶን ሳል በአጥሩ በኩል ትሰማለች መሰለኝ፣ በየጠዋቱ ሎሚ በር ላይ ታስቀምጣለች። ቅዳሜ ከሰዓት ኤርኔስቶ በቴሌቪዥን ያንን በእጅም በእግርም የሚጫወቱትን ኳሳቸውን ሲያይ እጮኻለሁ እያለ ያስላል። እትዬ አስካለ እሑድ እሑድ ያበሉታል፤ ከማጉረሳቸው በፊት ግን ጉርሻውን ከፍተው ያሳዩታል። "እየው፣ ምንም የለበትም" ይላሉ።

ማታ አንዳንዴ ትንፋሹ ሲጠብ ሰናይት ጀርባውን ስታሸው በግድግዳው በኩል እሰማለሁ። መሳቢያው የተቆለፈበትን መድኃኒት እያሰብሁ፣ ባይከለከል ይሻለው ይሆን እላለሁ። ትዕግሥት የሚሉት ይህንን ነው። እኔ ስሙን እንጂ ነገሩን አላውቅም ነበር።

ሰኞ፣ መንገዱ

አዲሶቹን ብልቃጦች ካስረከብን በኋላ ሐኪሟ ደውላ ሁላችንም እንድንመጣ ነገረችን። እትዬ አስካለም መጡ፤ ቦርሳቸውን በሩ ላይ ከፍተው ለሁላችን አሳዩ፣ ባዶ ነው።

ሐኪሟ ኮምፒውተሯን ወደ እኛ አዞረች። የክብ ሳህን ፎቶ ነው። መሃሉ ላይ ትንሽ ሰገራ ተቀምጧል። ከመሃሉ ወደ ዳር ደግሞ ጠመዝማዛ መስመሮች ወጥተዋል፤ ነጠብጣብ፣ ነጠብጣብ፣ ከከተማችን በላይ እንዳለው የሐረጎ ዳገት መንገድ መታጠፊያዎች። ትሉ ራሱ አይታይም። በሄደበት ሁሉ ከራሱ ጋር ጀርሞችን ይጎትታል፤ እነሱ በማግሥቱ አድገው ዱካውን ያሳያሉ። የደም ምርመራውም መጥቷል፤ እሱም አለ ይላል።

"በልጅነትህ በባዶ እግርህ ትሄድ ነበር?" አለችው።

"ሁልጊዜ።"

"በእግርህ ቆዳ ነው የገባው። ሆድህ ውስጥ ራሱን እየተካ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ አብሮህ ኖሯል። ቻጋስም አለብህ፣ ይህም አለብህ። አንዱ ሌላውን ጋርዶት ነበር።"

ኤርኔስቶ ማያውን በጣቱ ነካው። "ከቦሊቪያ በእግሯ መጣች" አለ።

እኔ በሕይወቴ ብዙ መስመር ጽፌ ሰርዣለሁ። እንደዚያኛው ያስፈራኝም ያስደሰተኝም የለም። ስቴሮይዱን ያን ዓርብ ጠዋት ጀምሮ ቢሆን ኖሮ እነዚያ መንገዶች ሳህን ላይ አልነበረም የሚገኙት።

ኢቨርሜክቲን የሚባል መድኃኒት አዘዘችለት። እትዬ አስካለ ስሙን ሲሰሙ ተጠራጠሩ።

"ይሄማ የከብት መድኃኒት አይደል? ጠይቂያት።"

ጠየቅኋት። "ለከብትም ነው፣ ለሰውም ነው" አለች።

"እንግዲህ ይስጡት" አሉ እትዬ አስካለ። "እኔ ከዚህ በኋላ አልመክርም።"

ልቡን ግን ይህ መድኃኒት አይጠግነውም። ሐኪሟ ያንንም አልደበቀችም። ቻጋሱ አለ፤ ደረቱ ላይ ያለችው ማሽን ትቆጥራለች።

ሐሙስ፣ መመለሻ

ወደ አየር ማረፊያ ሲሸኙኝ ሻንጣዬ ስመጣ ከነበረው ይከብድ ነበር። ኤርኔስቶ ሊያነሣው ሲል እኔም አንዱን ጎን ያዝሁ። ተጓተትን። በመጨረሻ ሁለታችንም ያዝነው፤ እሱ ሲቆም ቆምሁ። አንድ ጊዜ ብቻ ቆመ፤ አላሳለም፣ የተነፈሰው ለልቡ ነው።

ሊድያ ስትሰናበተኝ ለመጀመሪያ ጊዜ በአማርኛ፣ "ቻው አክስቴ፣ በሰላም ግቢ" አለችኝ። ከዚያ ወደ አባቷ ዞራ በእንግሊዝኛ ልክ ነኝ ወይ አለችው። እሱን መጠየቋ!

ኮምቦልቻ ስገባ ዝናብ ነበር። እናቴ ቋንጣውን እንዴት እንደወደዱት ጠየቀችኝ። ቢጫው ማስቀመጫ ትዝ አለኝና እውነቱን ነገርኋት። "እንግዲህ የፈታሹ ድርሻ ይሁንለት" አለች።

ትናንት የእትዬ አስካለ የድምፅ መልእክት ደረሰኝ። ከጀርባቸው የኤርኔስቶ ሳቅ ይሰማል፤ ሳል ያልተከተለው ሳቅ።

"ትዕግሥትዬ፣ ልጄ! ደግመው መረመሩት። ሳህኑ ባዶ ነው አሉ! ንጹሕ ነው! ሐኪሟ ዓይን ዓይኔን ስታየኝ፣ ቦርሳዬንም ኪሴንም ከፍቼ አሳየኋት። ለሰፈራችሁ ሰው ንገሪያቸው፣ ለእናትሽም ንገሪያት። በዚህኛው ሳህን እኔ እጄ የለበትም!"